ቤት ትምህርት ቤት የነበረበት አገር
(ለመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)

 

በቅርቡ ፊደል የቆጠሩ እናቶችና አባቶች አንድ ጥያቄ ያነሳሉ። «እኔ ገና ትናንት ፊደል የለየሁ ሰው ነኝ። ልጄን ምን ላስተምረው እችላለሁ? ማስተማር የአስተማሪ ሥራ አይደለም ወይ?» ይላሉ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ዛሬ በምክር አንሰጥም። በታሪክ እንሰጣለን። የምንናገረው ስለ አንድ አገር ነው። አገሩ ስዊድን ይባላል። የሚገኘው በአውሮፓ ሰሜን ነው። ብርዱ ብርቱ ነው። የብርዱ ወራትም ረጅም ነው። በዚህ አገር ሕዝቡ ማንበብን የተማረው በትምህርት ቤት አልነበረም። በቤቱ ነበር። ያስተማሩትም ሊቃውንት አልነበሩም። ገበሬዎች ነበሩ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። የስዊድንን ታሪክ ስንናገር ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር ሲሆን እንነግራችኋለን።

የንጉሡ ሕግ

በ1686 የስዊድን ንጉሥ ካርል 11ኛ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሕግ አወጣ። ሕጉ ሰው ሁሉ ማንበብ ይማር የሚል ነበር። ሰው ሁሉ ማለት ሀብታሙ ብቻ አይደለም። ልጆች፣ የእርሻ አሽከሮችና የቤት ሠራተኞችም ጭምር ናቸው። ምክንያቱ ሃይማኖት ነበር። የአገሩ ሃይማኖት የሉተር ፕሮቴስታንት ነው። እያንዳንዱ ሰው የእግዚአብሔርን ቃል በገዛ ዓይኑ አይቶ ያንብብ ተባለ።

ለመሆኑ ማን ያስተምር? በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤት የነበረው በከተማ ነበር። እሱም ቄስና ሹም ለሚሆኑ ጥቂት ወንዶች ልጆች ነው። የገጠሩ ሕዝብ ግን በጫካና በበረዶ መካከል ተበታትኖ ይኖራል። አስተማሪም፣ ለአስተማሪ የሚከፈል ገንዘብም አልነበረም።

ስለዚህ ሥራው በቤቱ ባለቤት ላይ ተጣለ። አባት ልጁን ያስተምር፣ እናት ልጇን ታስተምር፣ ጌታ አሽከሩን ያስተምር ተባለ። የአጥቢያው ቄስ ይቆጣጠራል። በአንዳንድ ቦታ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ደዋይ ያግዛል። ዋናው አስተማሪ ግን ወላጅ ነው። ከወላጅም ይልቁን እናት።

የነበራቸው መጽሐፍ ጥቂት ነው። አንዱ ትንሽ የፊደል መጽሐፍ ነው። ሌላው የመዝሙር መጽሐፍ ነው። ሦስተኛው ካቴኪዝም ይባላል። ካቴኪዝም ማለት ሃይማኖትን በጥያቄና በመልስ የሚያስተምር አጭር መጽሐፍ ነው። በብርዱ ወራት የውጭው ሥራ ይቀዘቅዛል። ቤተሰቡ እሳት ዙሪያ ይሰበሰባል። እጅ ሥራውን ይሠራል፣ ልጅ ፊደሉን ይቆጥራል።

በፊደል መጽሐፉ ላይ ብዙ ጊዜ የአውራ ዶሮ ሥዕል ነበረበት። ልጁ በደንብ ያነበበ ዕለት ወላጆቹ ከመጽሐፉ ገጾች መካከል ከረሜላ ወይም ሳንቲም ይሸሽጋሉ። ከዚያ «አውራ ዶሮው ጣለልህ!» ይሉታል። አውራ ዶሮ እንኳን ከረሜላ እንቁላልም አይጥልም። ልጁ ግን በማግስቱ መጽሐፉን ሳይጠሩት ይከፍታል። ይህ የድሃ ገበሬ ዘዴ ነው። ዱላ አላስፈለገውም።

ቄሱ በመጣ ቀን

ሕግ ብቻውን ሰውን አያስተምርም። ስለዚህ የስዊድን ሰዎች አንድ ልማድ አቆሙ። በየዓመቱ ቄሱ ወደ መንደሩ ይመጣል። ጎረቤቶች በአንድ ቤት ይሰበሰባሉ። አባወራው፣ እማወራዋ፣ ልጁ፣ አሽከሩ፣ ሁሉም ተራ በተራ ያነባል። ቄሱ ስለ ትርጉሙም ይጠይቃል። ከዚያ በመዝገብ ላይ ስም በስም ይጽፋል። ይህ ሰው ማንበብ ይችላል፣ ይህ ገና ነው፣ ይህ ያነባል ግን ትርጉሙን አያውቅም እያለ ምልክት ያደርጋል።

እነዚያ መዝገቦች ዛሬም አሉ። ኤጊል ዮሃንሶን የሚባል የስዊድን ተመራማሪ በ1970ዎቹ ዓመታት መረመራቸው። የተገኘው ነገር የሚያስደንቅ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ከሕዝቡ አብዛኛው ማንበብ ይችል ነበር። ሴቶቹም እንደ ወንዶቹ ያነቡ ነበር። በየአጥቢያው ትምህርት ቤት ይከፈት የሚለው ሕግ የወጣው ግን በ1842 ነው። ቍጠሩት። ከ1686 እስከ 1842 ድረስ 156 ዓመት ነው። ይህን ሁሉ ዘመን የገጠሩ ዋና ትምህርት ቤት ቤት ነበር።

በዚያው በሰሜን አውሮፓ አይስላንድ የምትባል ደሴት አለች። እዚያም ልማዱ ተመሳሳይ ነበር። በብርዱ ማታ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ሌሎቹ ሱፍ እየፈተሉና እየሠሩ ይሰማሉ። በአንድ መብራት፣ በአንድ መጽሐፍ፣ በአንድ አንባቢ ቤተሰቡ ሁሉ ይማራል።

ጉድለቱም ይነገር

ውድ አድማጮች፣ ታሪክ ሲነገር መልካሙ ብቻ አይነገርም። የስዊድን የቤት ትምህርት አራት ጉድለት ነበረበት።

አንደኛ፣ ፍርሃት ነበረበት። ካቴኪዝም ያላወቀ ሰው ሥጋ ወደሙን አይቀበልም፣ ጋብቻም አይፈቀድለትም ነበር። ሰው ትምህርትን ወዶ ሳይሆን ቅጣትን ፈርቶ የሚማርበት ጊዜ ነበር።

ሁለተኛ፣ ሰዎቹ አንዱን መጽሐፍ ደጋግመው ስለሚያነቡ በቃላቸው ያጠኑታል። በቃል መያዝ መልካም ነው። ግን በቃል መያዝና ማንበብ አንድ አይደሉም። በእኛም አገር ዳዊቱን በቃሉ የሚደግም፣ ሌላ ወረቀት ሲሰጡት ግን የሚቸገር ሰው አልነበረም? የሚያነብ ሰው ማለት አይቶት የማያውቀውን ጽሑፍ ሲሰጡት የሚያነብ ነው።

ሦስተኛ፣ ማንበብ እንጂ መጻፍ አልተማሩም። ብዙ ሰው መጽሐፍ ያነባል፣ ደብዳቤ ግን መጻፍ አይችልም ነበር። የሌላውን ቃል ይቀበላል፣ የራሱን ቃል ግን በወረቀት አያሰፍርም።

አራተኛ፣ ድሃው ተጎዳ። ቀኑን ሙሉ ለሰው የሚሠራ ወላጅ ልጁን የሚያስተምርበት ጊዜ ከየት ያመጣል? የ1842ቱ ሕግ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው። ወላጅ ያልቻለውን ትምህርት ቤት ይሙላ፣ መጻፍና ሒሳብም ለሁሉ ይድረስ ተባለ።

እጅ፣ ዓይንና ወዳጅ

ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ሌላ ችግር ታየ። ልጆች ከጠዋት እስከ ማታ መጽሐፍ ላይ አጎነበሱ። የአባታቸውን ሙያ ረሱ። የአገራቸውንም ኑሮ ከወረቀት ላይ ብቻ አወቁት። በዚህ ጊዜ ሦስት ነገሮች ተጨመሩ። የመጀመሪያው የእጅ ሥራ ነው። ሁለተኛው ወጥቶ ማየት ነው። ሦስተኛው አብሮ ማንበብ ነው። አንድ በአንድ እንያቸው።

ስለ እጅ ሥራ እንናገር። በ1870ዎቹ ዓመታት ኦቶ ሳሎሞን የሚባል ሰው ኔስ በሚባል ቦታ የአስተማሪዎች ማሠልጠኛ አቋቋመ። ልጅ በእጁ ሲሠራ አእምሮውም ይሠራል ብሎ ያምን ነበር። ልጆቹ በእንጨት ሥራ ይጀምራሉ። መጀመሪያ ቀላሉን፣ ቀጥሎ ከባዱን ይሠራሉ። የሚሠሩት ነገር ለቤት የሚጠቅም ነው። ማንኪያ የሠራ ልጅ ማንኪያውን ለእናቱ ይዞላት ይገባል። ይህን ለመማር ከብዙ አገሮች አስተማሪዎች ወደ ኔስ ሄዱ።

አሁን ወጥቶ ወደ ማየት እንለፍ። አርቱር ሃሴሊየስ የሚባል ሰው ነበር። በ1872 በገጠር ሲዘዋወር አሮጌው ልብስ፣ አሮጌው ዕቃና አሮጌው ቤት እየጠፋ መሆኑን አየ። ፋብሪካ መጥቷል። ሰው የእጁን ሥራ እየጣለ የፋብሪካ ዕቃ ይገዛል። ሃሴሊየስ የገበሬ ዕቃ መሰብሰብ ጀመረ። ሰው ሊጥለው የነበረውን እሱ ይሰበስባል። ቀጥሎ ቤቶችን ሰበሰበ። አሮጌ የእንጨት ቤት በገጠር እየተፈታ ይመጣል፣ በዋና ከተማው በስቶክሆልም እንደገና ይተከላል። በ1891 ቦታውን ለሕዝብ ከፈተው። ስካንሰን ይባላል። ዛሬም አለ።

ስካንሰን እንደ ሌላው ቤተ መዘክር አይደለም። ሌላው ቤተ መዘክር ዕቃውን በመስታወት ውስጥ ያስቀምጣል። በስካንሰን ግን ልጁ ወደ ገበሬው ቤት ይገባል። ምድጃውን ያያል። የጥንቱን ልብስ የለበሰች ሴት ስትሠራ ያያል። ስለ ድሮ ሰው ኑሮ ብዙ ገጽ ከማንበብ አንድ ጊዜ በዚያ ቤት ደጃፍ ጎንበስ ብሎ መግባት ይበልጣል።

የስዊድን አስተማሪዎች ደግሞ ሁሉም ልጅ አገሩን ዞሮ ማየት እንደማይችል ያውቁ ነበር። ስለዚህ አገሩን የሚያሳይ የንባብ መጽሐፍ ይጻፍልን ብለው ሴልማ ላገርሎፍን ጠየቁ። እሷም ቀድሞ አስተማሪ ነበረች። በ1906 እና በ1907 በሁለት ክፍል የወጣው መጽሐፍ ኒልስ ሆልገርሶን ስለሚባል ልጅ ይናገራል። ልጁ እንደ ጣት ያህል ያንሳል። በዝይ ጀርባ ተቀምጦ ስዊድንን ከዳር እስከ ዳር ያያል። ደረቁ የመልክዓ ምድር ትምህርት ተረት ሆነ። ሴልማ ላገርሎፍ በ1909 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተቀበለች። ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት።

የቀረን አብሮ ማንበብ ነው። በ1902 ሉንድ በሚባል ከተማ ኦስካር ኦልሶን የሚባል አስተማሪ አንድ ነገር ጀመረ። ከመጠጥ ራሳቸውን ያራቁ ሰዎች ማኅበር አባል ነበር። አባሎቹ ብዙ ትምህርት ያላገኙ ሠራተኞች ናቸው። አስተማሪ ለመቅጠር አቅም የላቸውም። ስለዚህ መጻሕፍት በጋራ ገዙ። ተራ በተራ አነበቡ። ከዚያ ተሰብስበው ተወያዩ። ይህ የጥናት ክበብ ተባለ። በክበቡ ውስጥ መምህርና ተማሪ የለም። ሁሉም ያነባል፣ ሁሉም ይናገራል፣ አንዱ ደግሞ ውይይቱን ይመራል። ከ1912 ጀምሮ መንግሥት ለመጻሕፍት መግዣ ገንዘብ ረዳቸው። ክበቡ አንብቦ የጨረሳቸው መጻሕፍት ለሌላው ሰው በቤተ መጻሕፍት ተቀመጡ። በእኛ አገር ዕቁብና ዕድር የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር ለመረዳት አይቸገርም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው።

ከአስቴር ጋኖ የምንማረው

ይህ ታሪክ ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል ትሉ ይሆናል። ያገናኘዋል። በ1866 የስዊድን ሚሲዮናውያን ወደ ምጽዋ መጡ። ሰው ሁሉ በገዛ ዓይኑ ያንብብ የሚለውን ልማዳቸውን ይዘው ነው የመጡት። በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ትምህርት ቤት ከፈቱ።

ከባርነት ነፃ የወጡ የኦሮሞ ልጆች ወደዚያ ተወሰዱ። አንዱ ኦነሲሞስ ነሲብ ነው። ስዊድን ድረስ ሄዶ ተማረ። ሌላዋ አስቴር ጋኖ ናት። አስቴርን ወደ ዓረብ አገር ወስደው ሊሸጧት ሲሉ በ1886 የጣልያን መርከቦች በባሕር ላይ አስጣሏት። በእምኩሉ ገብታ ተማረች። በ1894 ኦነሲሞስና አስቴር በኦሮምኛ የንባብ መማሪያ መጽሐፍ አወጡ። በ1899 ደግሞ ኦነሲሞስ በእሷ እርዳታ የተረጎመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ። ሁለቱም የተጻፉት በእኛው ፊደል ነው።

በንባቡ መጽሐፍ ውስጥ ምን ገባ መሰላችሁ? አስቴር የምታውቃቸው የሕዝብ ተረቶችና ቃሎች ገቡ። ያቺ ልጅ ከአገሯ ስትወሰድ ዕቃ አልያዘችም። የያዘችው ከሰው አፍ የሰማችውን ነው። እሱን ጻፈችው። የቤት ጨዋታ የትምህርት መጽሐፍ ሆነ። እንግዲህ «እኔ ለልጄ የምሰጠው ትምህርት የለኝም» የሚል ወላጅ አስቴር ጋኖን ያስብ።

በእኛ ቤት ምን እናድርግ?

ዛሬ አገሮች በዚህ ነገር አይስማሙም። ስዊድን ራሷ በ2010 ባወጣችው የትምህርት ሕግ ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲሄድ ታስገድዳለች። በቤት ብቻ ማስተማር የሚፈቀደው ለየት ያለ ምክንያት ሲኖር ነው። በአሜሪካ ደግሞ በ50ዎቹም ግዛቶች ወላጅ ልጁን በቤቱ እንዲያስተምር ሕግ ይፈቅዳል። እነዚያ ወላጆች የመጻሕፍት ክበብ ያቋቁማሉ፣ ልጆቻቸውን ወደ ታሪክ ቦታ ይወስዳሉ፣ የጥንቱን ሥራ በእጃቸው ያሠሯቸዋል።

እኛ ግን ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አስወጡ አንልም። ድሃውን የጎዳው የቤት ትምህርት ብቻውን የቀረ ጊዜ መሆኑን አይተናል። እኛ የምንለው ሌላ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቤቱም ያስተምረው። ለዚህ ሦስት ነገር ይበቃል።

አንደኛ፣ አብራችሁ አንብቡ። ሦስት አራት ጎረቤቶች በሳምንት አንድ ማታ ተሰብሰቡ። ልጆቹም ይቀመጡ። አንዱ ያንብብ፣ ሌላው ይስማ፣ ሲደክመው ይቀባበሉ። ልጁ ከእናንተ የተሻለ ቢያነብ አትፈሩ፣ ተደሰቱ። ስታነቡም የምታውቁትን ገጽ ብቻ አትመላለሱበት። ያላያችሁትን ገጽ ክፈቱ።

ሁለተኛ፣ ወጥታችሁ አሳዩ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ልጁን ወደ ብሔራዊ ቤተ መዘክር ይውሰድ። በእኛ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. በአፋር የተገኘችውን የድንቅነሽን ታሪክ እዚያ ያሳየው። ጎንደር ያለ የፋሲልን ግንብ፣ ሐረር ያለ የጀጎልን ግንብ፣ አክሱም ያለ ሐውልቱን ያሳይ። ከዚህ የራቀስ? እሱም የሚያሳየው አያጣም። አሮጌው ቤተ ክርስቲያን፣ አሮጌው መስጊድ፣ አሮጌው ድልድይ፣ አሮጌው የገበያ ዛፍ አለ። «ይህን ማን ሠራው? መቼ? በምን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ካላወቃችሁ ልጁን ይዛችሁ ሽማግሌ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ በእጁ ያስነኩት። ወፍጮ ያላት እናት ልጇን አንድ እፍኝ እህል ታስፈጨው። ያን ጊዜ የአያቱ ድካም ይገባዋል። ሞፈሩን፣ ቀንበሩን፣ ማረሻውን ይያዝ፣ ስማቸውን ይጻፍ። በሣጥናችሁ ማርትሬዛ ብር ካለ አውጡት። ቁጥሩን ያንብብ። 1780 ይላል። ግን ልብ በሉ። ማርትሬዛ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ተመትቷል። ዓመቱ ግን ሳይለወጥ 1780 ተብሎ ቀረ። እንግዲህ ዕቃም ያሳስታል። ያነበቡትን ሁሉ መጠየቅ እንደሚገባ ልጁ ከአንድ ብር ይማራል። የምኒልክ ብር ያለው ደግሞ ዙሪያውን ያንብብ። የተጻፈው በእኛው ፊደል ነው።

ከሁሉ የሚቀርበው ግን የቤተሰቡ ታሪክ ነው። አገራችን የዘር ሐረግ መቁጠር ያውቃል። ደብተር አምጡ። ልጁ ከታች ስሙን ይጻፍ። ከላዩ የእናቱንና የአባቱን፣ ከዚያ በላይ የአያቶቹን ስም ይጻፍ። ስሙን ስትነግሩት እናንተም ጻፉ። ቀጥሎ ዓመት ፈልጉ። «እማማ የተወለዱት መቼ ነው?» ሲባል ዓመቱን የሚያውቅ ላይኖር ይችላል። ያን ጊዜ በታወቀ ነገር ለኩት። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ገባ፣ በ1933 ዓ.ም. ወጣ። አብዮቱ በ1966 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሰው ያለቀበት ድርቅ በ1977 ዓ.ም. ነው። ደርግ የወደቀው በ1983 ዓ.ም. ነው። እነዚህ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። እማማ በድርቁ ጊዜ ስንት ልጅ ነበራቸው? የመጀመሪያው ልጅ ስንት ዓመቱ ነበር? እንዲህ እያላችሁ ስትቆጥሩ ዓመቱ ይቀርባል። የታሪክ ጸሐፊዎችም ሥራቸው ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ ያልነው ለልጁ ብቻ አይደለም። በ1971 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ብዙ ሰው ፊደል ቆጠረ። ትምህርቱ ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ግን የሚያነቡት አጥተው ፊደሉ የጠፋባቸው ነበሩ። ፊደል እንደ ማረሻ ነው። ካልሠሩበት ይዝጋል። ልጁን የሚያስተምር ወላጅ የራሱንም ፊደል ይጠብቃል። የስዊድን ገበሬም ልጁን ሲያስተምር ራሱ አነበበ፣ ልጁም ልጁን አስተማረ። 156 ዓመት ሙሉ ሳይቋረጥ የሄደው በዚህ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በስዊድን የቤት ትምህርት ከነበሩት አራት ጉድለቶች በእኛ ዘንድ የታየው የትኛው ነው?
2. በቃል መያዝና ማንበብ ልዩነታቸው ምንድን ነው?
3. ከመንደራችሁ ለልጆች የምታሳዩት አንድ አሮጌ ነገር ምንድን ነው? ታሪኩን የሚያውቀው ማን ነው?
4. ዛሬ ማታ የቤተሰባችሁን ስም እስከ ስንት ትውልድ መጻፍ ትችላላችሁ?

ውድ አድማጮች፣ በአራተኛው ጥያቄ ጀምሩ። ደብተርና እርሳስ ይበቃል።